መውጫ የሌለው ውሃ፦ ሐይቅና አምባሰል በመስከረም ወር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ደሴ አድሮ በማግሥቱ ጉዞውን ሲቀጥል፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላው በስተቀኙ ሰማያዊ ውሃ ብልጭ ይልለታል። ነጂው «ይህ ሐይቅ ነው» ይለዋል። መንገደኛውም አንገቱን ዘወር አድርጎ ያያል፤ ካሜራ የያዘ እንደ ሆነ አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወልድያ ያልፋል። በዚህ ዓይነት «ሐይቅን አይቼዋለሁ» የሚል ሰው በአገራችን ብዙ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሐይቅ በመኪና መስኮት ታይቶ የሚታለፍ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ቀን ተቀምጠው የሚመረምሩት ስፍራ መሆኑን፣ ይልቁንም ለመሐንዲስ ዓይን ከክረምት መውጫ ወዲህ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ከሌላው ወቅት ሁሉ አብልጠው የሚናገሩ መሆናቸውን ማስረዳት ነው።

ለጉብኝት ብዙው ሰው የሚመርጠው ጥርንና የካቲትን ነው። መንገዱ ይደርቃል፤ ሰማዩም ይጠራል። ነገር ግን በጥር የሚታየው ሐይቅ የዓመቱን ሥራ ፈጽሞ ያረፈ ውሃ ነው። በወሎ ደጋ የክረምቱ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይሳሳል፤ ጅረቶቹ ግን ገና አልጎደሉም። አደይ አበባ ዳገቱን ቢጫ አልብሶታል፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ ማሽላውም ቁመቱን ጨርሶአል። ከዚህ ሁሉ ውበት በታች ግን ክረምቱ ምን አምጥቶ ምን እንደ ወሰደ የሚመሰክረው ምልክት ገና ትኩስ ነው። ጎርፍ የገመሰው ቦይ፣ ጅረት ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ የተከመረ ደለል፣ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያመለክት የገለባና የቅጠል መሥመር፣ ይህ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ኅዳር ሲገባ ሣሩና እርሻው አብዛኛውን ይሸፍነዋል።

ከደሴ የሚወርደው ጎዳና ራሱ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የሐይቁ ወለል ከባሕር በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ይህም 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ዋናው መሥመር በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በኢጣሊያኖች የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ታድሶአል። ከደሴ ጥቂት ወጣ ሲባል ቦሩ ሜዳ ይገኛል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። መሐንዲሱ ግን ከታሪኩ ጋራ የመንገዱን ቦይና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦውን ማየት አይቀርለትም። መንገድ የሚፈተነው በክረምት ነው፤ የፈተናው ውጤት የሚታየው በመስከረም ነው። አፉ በደለል የተደፈነ ቱቦ፣ ጎርፉ አልፎት ወደ ገበሬው ማሳ የገባ ቦይ፣ ሥሩ የተቦረቦረ የድጋፍ ግንብ በዚህ ወር ራሱን ይገልጣል። ከመንገዱ ዳር የሸሸውም አፈር የት እንደ ሄደ ለማወቅ ቁልቁል መመልከት ይበቃል።

የሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። በጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ ለመንገደኛ ሻይና ምግብ የምታቀርብ፣ በገበያ ቀን ከየቀበሌው በሚወርደው ሕዝብ የምትጨናነቅ መካከለኛ ከተማ ናት። የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በአንድ ማለዳ ይሰማሉ፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን መገኘቱም በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐይቁ ዓሣ ተጠብሶ በትኩሱ ይቀርባል፤ ይህን ሳይቀምሱ ማለፍ ጉብኝቱን ማጉደል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በዚሁ ጎዳና አልፎ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ በወረደ ጊዜ አካባቢው ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። ጎብኚም ለብዙ ጊዜ ርቆ ቆይቶአል። ስለዚህ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ከአገሬው መጠየቁ ተገቢ ነው።

ከከተማው ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። በዳርቻው የሚገኘውን አንድ ሽማግሌ «አባቴ፣ ዘንድሮ ሐይቁ እንዴት ከረመ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ስለ ሜትርና ስለ ሴንቲ ሜትር መልስ አያገኝም። ይልቁንስ ሽማግሌው አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ዛፍ በከዘራው ያሳየዋል። ድሮ ውሃው እዚህ ነበር፤ አሁን እዚያ ነው። ይህ መለኪያ ሚዛን የለውም ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ልጅ ሆኖ የዋኘበትን ስፍራ የሚያስታውስ ሰው ሊሳሳት የሚችለው በዓመቱ እንጂ በቦታው አይደለምና።

ስሙ ራሱ ያስገርማል። ሌሎቹ ውሃዎች ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ እየተባሉ በየስማቸው ሲጠሩ፣ ይህ ግን ያለ ተጨማሪ ስም «ሐይቅ» ተብሎ ቀርቶአል። ሎጎ ሐይቅ የሚሉትም አሉ። የአገሬው ትረካ እንደሚለው፣ በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ የንጉሥ ልጅ ግፍ ሠራችባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። የመሬት ጥናት ሊቃውንት ደግሞ የወሎ ደጋ ወደ አፋር በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ ላይ ምድር ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረ ጎድጓዳ ነው ይላሉ። ሁለቱም አንድ ነገር ይስማማሉ፤ መሬቱ ወደ ታች ሰጥሞአል።

የሰመጠበት ልክ ቀላል አይደለም። የሐይቁ ስፋት 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ጣና ከዚህ ሐይቅ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ጣና እንደ ሰፌድ ቢመሰል ሐይቅ እንደ እንስራ ነው። ይህ የቅርጽ ልዩነት ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ በጥቂቱ ሊጤን ይገባዋል። ሰፌድ የሚመስል ውሃ አንድ ሜትር ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ያየ ሁሉ «ሐይቁ ደረቀ» ብሎ ይጮኻል። ዳሩ ገደላማ የሆነ ጥልቅ ውሃ ግን አንድ ሜትር ቢጎድል ዳርቻው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ሰማያዊነቱም አይለወጥም። ጉድለቱን ይሸሽጋል። በስፋቱ ሲሰላ ግን የአንድ ሴንቲ ሜትር ጉድለት 220,000 ሜትር ኩብ፣ የአንድ ሜትር ጉድለት 22 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ሐይቁ በመሬት ገጽ ላይ መውጫ ወንዝ የሌለው መሆኑ ነው። ጣና ዓባይን ያወጣል፤ ዝዋይም በቡልቡላ በኩል ወደ አቢያታ ይፈስሳል። ሐይቅ ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ይይዛል። ከሐይቁ ወለል ፀሐይና ነፋስ በዓመት የሚያተኑት ውሃ በዚህ ከፍታ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ የሚርቅ አይደለም። በቀጥታ ከላይ የሚወርድለት ዝናብ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ሦስት መቶ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ቢባል እንኳ በዓመት 6.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ከዙሪያው ተራራ ካልመጣለት ሐይቁ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከየሸለቆው የሚወርደው ጎርፍ ለሐይቁ ትርፍ አይደለም፤ የዓመቱ ቀለቡ ነው። መውጫ የሌላቸው እንደ ሻላና እንደ አቢያታ ያሉት ውሃዎች ጨው በዝቶባቸው ሲመርሩ፣ ሐይቅ ግን ዓሣና ከብት የሚኖርበት ለስላሳ ውሃ ሆኖ መቆየቱ ከሥሩ በድንጋይ ስንጥቅ አድርጎ ወደ ሌላ ስፍራ የሚሰርግ ውሃ እንዳለ ያመለክታል። የሚሰርገውም ውሃ ከሒሳቡ ላይ ይቀነሳል።

በሩቅ ምሥራቅ፣ በካምቦዲያ አገር፣ ቶንሌ ሳፕ የሚባል ሐይቅ አለ። በሲየም ሪያፕ ከተማ አጠገብ ያሉት የዳርቻ መንደሮች በረጃጅም ምሰሶ ላይ የተሠሩ ናቸው። የዝናቡ ወራት ሲመጣ የሜኮንግ ወንዝ ሞልቶ የሐይቁን መውጫ ወንዝ ወደ ኋላ ያስፈስሰዋል፤ በበጋ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ውሃ ከአራት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ እንደ ገና ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ሕዝቡም ይህን ምክንያት አድርጎ በታንኳ እሽቅድምድም የታወቀውን የውሃ በዓል ያከብራል። ጎብኚውም ከዝናቡ ቀጥሎ ያለውን ወቅት የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሐይቅ በዓመት አንድ ጊዜ የሚተነፍስ ሳንባ ነው፤ ቆሻሻውንም በዚያው ያስወጣል። የእኛው ሐይቅ የሚተነፍስበት አፍንጫ የለውም። ከመስከረም ጎርፍ ጋራ የገባው አፈር፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ፣ ከመንደር የወረደው እዳሪ አንድ ጊዜ ከገባ ተመልሶ የሚወጣበት በር የለም።

ሐይቅ ብቻውን የሚኖር ውሃም አይደለም። በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ከአርዲቦ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርድ ነበር፤ አንከርካም ከሐይቅ ገባሮች ዋናው ነው። ገበሬው በዚህ ውሃ መስኖ አልምቶበታል። ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ያየ የወሎ ገበሬ በደጁ የሚያልፍ ውሃ በከንቱ ሲወርድ ቆሞ አይመለከትም። ሆኖም ላይኛው ሐይቅ የከለከለውን ታችኛው ሐይቅ እንደሚያጣው ግልጽ ነው። በመስከረም ከአርዲቦ እስከ አንከርካ አፍ ድረስ በእግር የሚሄድ ጎብኚ ውሃው የት ላይ እንደሚጠለፍና ምን ያህሉ እንደሚቀር በዓይኑ ይመለከታል። ለመሐንዲስ ከዚህ የተሻለ የአንድ ቀን ጉዞ በወረዳው ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ገዳሙ እንሻገር። የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቋቋሙት በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ግን ከዚያ በፊት እንደሚጀምር በትውፊት ይነገራል። ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተምረው የመጡ መነኩሴ ሲሆኑ፣ ገዳማቸውን የጸሎት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ብዙ ዓመት ተቀምጠው ከእጃቸው እንደ መነኰሱ ገድላቸው ይናገራል፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክም ከመንገሣቸው አስቀድሞ በዚያ ተምረዋል ይባላል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን የነበረው ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 እ.ኤ.አ. የነበሩትን አበምኔቶች ተራ በዝርዝር አቅርበዋል። ለኢየሱስ ሞዓ ዘመን ምስክር የሆነው አራቱ ወንጌል፣ በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈው፣ የራሳቸውን የኢየሱስ ሞዓን ሥዕል ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሶአል። በየኅዳጉም የገዳሙ ንብረት ተመዝግቦበታል። እንግዲህ በዚህ ውሃ ዳር ሰባት መቶ ዓመት ያህል ሲጽፉና ሲመዘግቡ የኖሩ ሰዎች አሉ።

ነገር ግን ጎብኚው ልብ ሊለው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚሄደው ወንድ ጎብኚ (ለሴቶች መግባት አልተፈቀደም) በእግሩ ይደርሳል፤ የጥንቶቹ ግን በታንኳ ነበር የሚሻገሩት። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን በደሴት ላይ እንዳለ አድርጎ ጽፎታል፤ በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ መኖሩንም ያነሣል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኢማም አሕመድ ጦር ወደዚያ ሲመጣ ደሴቱን ለመያዝ ታንኳ ማዘጋጀት እንዳስፈለገው የዘመኑ የዓረብኛ ታሪክ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ይተርካል። ዛሬ ጉማሬ አያለሁ የሚል ጎብኚ አይገኝም፤ ታንኳም ወደ ገዳሙ ለመግባት ግዴታ አይደለም። ደሴቱ ባሕረ ገብ መሬት ሆኖአል። ዳርቻው ገደላማ የሆነው ሐይቅ ጉድለቱን በሌላው ወገን ሁሉ ሸሽጎ፣ መሬቱ ለጥ ባለበት በዚህች ጠባብ አንገት ላይ ብቻ ተናዘዘ። የገዳሙ መግቢያ እንዲሁ መንገድ አይደለም፤ የውሃው መለኪያ ነው። በመስከረም ቀን እዚያ ቆሞ በግራና በቀኝ ያለውን ውሃ የሚመለከት ሰው የስንት ክረምት ሒሳብ ከእግሩ በታች እንዳለ ይገነዘባል።

ይህ ሁሉ የቅርብ ዘመን ጥፋት ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። የኢትዮጵያና የብሪታንያ ሊቃውንት ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል ደለል በቱቦ አውጥተው፣ በውስጡ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ መርምረው በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የዝግባና የጥድ ደን በዚህ አገር መጀመሪያ የተመነጠረው ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በፋንታውም ክትክታና ሣር ለ1,800 ዓመት ያህል ነግሦ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ ጥዱና ወይራው እንደ ገና ተመልሶ አገሩን ሸፈነ። ይህ ግኝት «ደናችን ትናንት ነበረ፤ ዛሬ ጠፋ» ለሚለው የተለመደ ንግግር ጥሩ ማረሚያ ነው። ደን ጠፍቶ ይመለሳል፤ ለመመለሱ ግን ብዙ ትውልድ ይፈጃል። ሐይቁ ሁሉንም በደለሉ ውስጥ መዝግቦ አስቀምጦታል። መውጫ የሌለው ውሃ አንድ ጥቅም ቢኖረው የተጻፈበትን አለመጣሉ ነው።

ስለ ውሃው ቀለምም ጥቂት መባል አለበት። በ1970 እ.ኤ.አ. በታተመ የሐይቁ ጥናትና ከዚያም በፊት በኢጣሊያኖች በተደረገው ምርመራ ውሃው እጅግ የጠራ ሆኖ ነበር የተገኘው። በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ዓሣ ከሌላ ስፍራ መጥቶ በሐይቁ ተለቀቀ። ዓሣው ተራባ፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ዛሬ ጎብኚው ተጠብሶ የሚበላውም እርሱው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ግን ያ ጥሩ ውሃ ወደ አረንጓዴነት ተለውጦ ተገኘ። የሚታየው ለውጥ በዓሣው ምክንያት ነው፣ ወይስ ከዙሪያው ማሳ በሚታጠበው አፈርና ፍግ? የዓሣው ጥርጣሬ መሠረት አለው፤ አዲስ የገባ ዓሣ በውሃ ውስጥ ያሉትን አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ካሟጠጠ አልጌው ያለ ከልካይ ይበዛልና። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ ለዓሣው መስጠት ለሰው በጣም የተመቸ ፍርድ ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በጅረቶቹ አፍ ላይ ቆሞ ቡናማው ውሃ ወደ ሰማያዊው ሲገባ ያየ ሰው ይህን ፍርድ እንዲያው አይቀበለውም።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲታይ የአምባሰል ተራራ ይጋረጣል። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ የጥቁር ድንጋይ ንብርብሩ በዝናብ የታጠበ ስለ ሆነ በመስከረም ከሩቁ ይቆጠራል። የአገሩ ገዥ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከዚሁ ወገን ነበሩ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ በዚህ ተራራ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ቅኝቱን በማሪቱ ለገሠ ድምፅ የሰማ ሰው ተራራውን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው፣ በ17ኛው አንቀጹ ምክንያት እስከ ዐድዋ ያደረሰው ውል ስሟን ይዞ ቀርቶአል። በዚሁ በአምባሰል ክልል የግሸን ማርያም አምባ አለ። ቀድሞ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት፣ ኋላም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ተብሎ የሚከበረው ይህ አምባ ዓመታዊ በዓሉ መስከረም 21 ቀን ነው። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ባለው ሳምንት የሚጓዝ ጎብኚ ከብዙ ሺሕ ምእመናን ጋራ መንገዱን ይጋራል፤ ማረፊያም በደሴ በቀላሉ እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቅ።

ይህ የሰው ብዛት የተነሣበትን ጉዳይ ወደ መፍትሔው ያደርሰዋል። ሐይቅ ለጎብኚ እየተከፈተ ነው፤ በዳርቻውም ማረፊያ ቤቶች ይሠራሉ። መልካም ነው፤ የወረዳው ወጣት ሥራ ያገኛል፤ አገሩም ይታወቃል። ነገር ግን ማረፊያ ቤት ሲሠራ አልጋውና መስኮቱ ከመታሰቡ በፊት መጸዳጃው ወዴት እንደሚፈስ መታሰብ አለበት። በሌላ ስፍራ የሚሠራው ጉድጓድ ዳርቻው አፋፍ በሆነበትና የድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ውሃው በሚያዘነብልበት ስፍራ አይሠራም። የውሃ መሳቢያ ሞተርም እንደዚሁ ነው። አንድ ሞተር ለሐይቁ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሁለት መቶ ሞተር ግን ወንዝ ነው፤ መውጫ ለሌለው ሐይቅ መውጫ መሥራት ማለት ነው። ጫቱና ሽንኩርቱ ለገበሬው በጎ ገንዘብ ስለሚያመጡ ሞተሩ መብዛቱ አይቀርም። የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሳብ ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፈጽሞ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ እንደ ነበረ ሁሉም ያስታውሳል። ኋላ ውሃው ተመልሶ ቢታይም፣ በዚያ መካከል የሐረር ሕዝብ ውሃ ከሩቅ እንዲመጣለት አስፈልጎአል። ሐረማያ ጥልቀት አልነበረውም፤ ስለዚህ ቶሎ ጮኸ። ሐይቅ ጥልቅ ስለ ሆነ አይጮኽም፤ አስቸጋሪነቱም በዚሁ ላይ ነው።

በመሆኑም ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በገዳሙ አንገት ላይ፣ ማንም ሂያጅ ሊያየው በሚችል ስፍራ፣ በሴንቲ ሜትር የተመረቀ የድንጋይ ወይም የብረት መለኪያ ይተከል። ከፍታው በአገሪቱ የልኬት መረብ ላይ ይታሰር፤ ይህ የሁለት ቀያሾች የሦስት ቀን ሥራ ነው። በአንከርካ አፍና በአርዲቦ መውጫ ላይ ሁለት ሌሎች ይጨመሩ። ንባቡን ከመነኰሳቱ አንዱና ከከተማው ትምህርት ቤት አንድ መምህር በየሳምንቱ እየተያዩ ቢመዘግቡት፣ የገዳሙ መዝገብ አሮጌ ልማዱን ይቀጥላል እንጂ አዲስ ነገር አይጀምርም። በጎን የሚቆመው ሰሌዳ ደግሞ የዘንድሮውን የመስከረም ከፍታ ከአምናው ጋራ አቀራርቦ ለጎብኚውም፣ ለገበሬውም፣ ለሞተር ባለቤቱም በአማርኛ ይንገር። የመጀመሪያው ንባብ በመስከረም መጨረሻ፣ ሐይቁ የክረምቱን ቀለብ ተቀብሎ ገና መክፈል ባልጀመረበት ጊዜ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ሁለተኛው በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ በ220,000 ሜትር ኩብ ሲባዛ፣ የበጋው ወጪ ነው።